ነጭ፣ ያልተለየ

ከግሮኒንገን ወዲያ፣ ቦዩ ከሚታጠፍበት፣
ቅዳሜ ረፋድ ነው፣ ሐምሌ ሙቀት ያዘለበት።
ቩቦ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የውሃ በር ዘግቶ ከፍቶ፣
ጀልባን ገና ሳያየው በሞተሩ ሳል ለይቶ፣
ዛሬ ጎመን መሃል ቆሟል፣ ከጆሮው እርሳስ ሰክቶ፣
የሚስቱን የቢራቢሮ ደብተር በሁለት እጁ ዘርግቶ።

ኼስዬ ከአጥሩ ሥር ወንበሯን አስጠግታ፣
ሞራ የጋረደውን ዓይኗን ለፀሐይ ሰጥታ፣
አሥራ ዘጠኝ በጋ በእጇ የሞላችውን መዝገብ
ዘንድሮ በባሏ ዓይን፣ በባሏ አፍ ልታነብ።

«መጣ?»
«መጣ።»
«ምን ዓይነት?»
«ነጭ።»
«ነጭማ ሁሉም ነጭ ነው፤ ኖራው፣ አንሶላው፣ ያንተ ሪዝ።
ጥቁሩን ንገረኝ፤ ከክንፉ ጫፍ ተነስቶ ጠርዝ ጠርዙን የሚጓዝ፣
እስከ ግማሽ የሚወርድ ከሆነ፣ ትልቁ ነው፤
ጥግ ላይ ብቻ፣ ጥላሸት በነካው ጣት የተዳሰሰ ከመሰለ፣ ትንሹ ነው።
ነጥቡንም ቁጠር፤ አንድ ለወንድ፣ ሁለት ለሴት።
ሲያርፍ ደግሞ፣ ክንፉን ሲገጥም፣ በጎን በኩል እይለት፤
በበጋ ይደበዝዛል፣ ጠጋ በል፤
የኋላ ክንፉ ደም ሥር አረንጓዴ ዱቄት ከለበሰ...»
አልጨረሰችም። እዚያ ላይ ድምፅዋ ትንሽ አነሰ።

ቩቦ ዓይኑን አጠበበ። አያርፍ! ከጎመን ወደ ሰናፍጭ፣
ከሰናፍጭ ወደ ገመዱ፣ ከተሰጣው አንሶላ፣ ነጭ በነጭ፣
ጠፋ ሲሉት ብቅ፤ ተገኘ ሲሉት የለም።
ጀልባ እንዲህ አይደለም።
ጀልባ ስሙ ከነቁጥሩ በጎኑ ላይ ተጽፎ፣
በሩ እስኪከፈት ይቆማል፤ ከዚያ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ፣ አልፎ።

ያቺን ያልጨረሰቻትን ግን ያውቃል። ዓምዷንም ያውቃል።
ከመንገዱ ማዶ ረግረጉ በጠጠር ከተሞላ ሦስት ዓመት አልፎታል፤
ሦስት ዓመት በዚያ ዓምድ ሥር፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣
ዜሮ ስትጽፍ ኖራለች፤ ክብ፣ የተጣራ፣ እንደ አዝራር።

«አረፈ?»
«አረፈ።»
«እና?»
ጉሮሮውን ጠረገ። «አረንጓዴ ነው» አላት።
«ደም ሥሩ ሁሉ አረንጓዴ።»
ፊቷ በራ። እጇ ደብተሩን ፍለጋ አየሩን ዳሰሰ፤
ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ ጣቷን ወደ ጭኗ መለሰ።

«የት ላይ ነው?»
«ጥቅል ጎመኑ ላይ።»
«ምን ይሠራል?»
«እኔ እንጃ... ሆዱን አጥፎ ቅጠሉን ነካ ነካ ያደርጋል።»

ኼስዬ ሳቀች። ጎረቤቷ ሬንስኬ ከነውሃ ቱቦዋ
ቀና እስክትል ድረስ ሳቀች።
«የረግረጓ ነጭ እኮ እንቁላሏን የምትጥለው ከዱር አረም ላይ ነው፤
የኛን ጎመን ምን ልትሠራበት!
ገና ስትጀምር ነጭ ነው ብለኸኝ ነበር፤
እውነትህን ነው ቩቦ። ነጭ ውሸት፣ ክንፍ አውጥቶ የሚበር።»

ጆሮው ቀላ። ዝም አለ።
«በል ቅጠሉን ገልብጠው፤ አንድ ነው የጣለው ወይስ ክምር?»
ገለበጠ። ቢራቢሮው ሄዷል።
ቢጫ ነጥብ ነው ያየው፣ ወይስ የፀሐይ ፍንጣቂ?
ሰባ ስምንት ዓመት የሠራ ዓይን ምን ይታመናል።
«አላየሁም» አለ።
«እሱን ጻፍ።»

እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።
የጀልባ ስም በሚመዘግብበት በዚያ በትልልቅ ፊደሉ፣
ነጭ። ያልተለየ። አንድ።
በዚያኛው ዓምድም ዜሮ። እንደሷ ክብ ግን አልሆነለትም፤
ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ።

«ሌላ መጣ?»
ሦስት ናቸው፣ ከአጥሩ በላይ፣ እየተሽከረከሩ፣ ወደ ላይ።
መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።
«ቆይ» አለ፤ «ቆይ እስኪ፣ ልይ።»